አራቱ በሬዎች

ሰኞ፣ መስከረም 22 ቀን 1999፣ ማራኪ

ኮሌጁ ከክፍያው የማረኝ ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን በዚህ ወር ካልከፈልኩ ስሜ ይሰረዛል። ስለዚህ ዛሬ አቤት ልል ሄድኩ። አባቴ ድህነታችንን ሊመሰክር ከአምባ ጊዮርጊስ መጣ፤ የጎረቤት አዲስ ጋቢ ተውሶ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«አባት፣ ስንት በሬ አለዎት?» አሉት ዲኑ።

ያለን አንድ ነው።

«አራት!» አለ።

በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጥኩት።

«ላሞቹን ሳልቆጥር» ብሎ ጨመረ።

ዲኑ ማመልከቻዬን መለሱልኝ። «እንግዲያው አንዱን ሸጠው ይክፈሉላታ!»

ደጅ ስንወጣ ተቆጣሁት።

«ምነው ልጄ፣ በሰው ፊት ደሃ ነኝ ልበል?»

አውቶብሱ ሲነሳ በመስኮት ብቅ አለ። «አታስቢ፣ ለገበያ አንዱን አወጣዋለሁ።»

የትኛውን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ።