ሁለት ድንች ምርቃት

ለምወድሽ እናቴ፣ ለእማዬ ፍሎሬንቲና፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የታርማ ብርድ እንደ አምናው አልጠናብሽም? አባዬን ሳሉ ለቀቀው? ለሥጋ የምታረቢያቸው፣ ወጥ ቤት የሚርመሰመሱት አይጥ መሳይ ኩዮችሽስ ወለዱ? እኔ ፀሐይ ካጣው የሊማ ሰማይ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። የላክሽው የበቆሎ ቆሎ በሁለት ቀን አለቀ፤ አክስቴ ቤት ያለው ሁሉ ዘገነው።

እማዬ፣ የምሥራች አለኝ! «ምሥር ብዪ» በይኝና ትንሽ ታገሺኝ፤ ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይጥምም።

ሱፐርማርኬቱ ገንዘብ ተቀባይ አድርጎ የወሰደኝ ለሦስት ወር ሙከራ መሆኑን ታውቂያለሽ። በሩ ላይ ቅር ያለው ደንበኛ የሚጽፍበት የቅሬታ መዝገብ አለ፤ ለተጻፈው ሁሉ ሱቁ በጽሑፍ መመለስ ግዴታው ነው። ተቆጣጣሪያችን ሴኞር ዊልመር ገና በመጀመሪያው ቀን «ስምሽ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ሽርጥሽን መልሰሽ ወደ እናትሽ!» ብሎኛል።

ሴኞራ ኦብዱሊያ የሚባሉ በጊዜ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉ። ንጹሕ ውሃ ብትሰጫቸው ጉድፍ ፈልገው የሚያወጡ ሴት ናቸው። ሁለት ጊዜ ጽፈውብኛል። አንዱ ዳቦና ሳሙና በአንድ ከረጢት ስለከተትኩ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው ግን ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች በተለየው መስመር ስሠራ ሆነ። ከኋላ ቆመው አይቼ «እማማ፣ ወደዚህ ይምጡ» አልኳቸው። ለካ መስመሩ የሚጠይቀው ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው አራት ወር ይቀራቸዋል! «ማንን ነው እማማ የምትዪው? ወይስ አርግዛለች ብለሽ ነው?» አሉኝ። ሰልፈኛው በሳቅ ሲንከተከት እሳቸው መዝገቡን አስመጡ።

ያለፈው ቅዳሜ የሙከራዬ መጨረሻ ነበር። ሴኞራ ኦብዱሊያ ሁለት ኪሎ ቢጫ ድንች ይዘው መጡ። «ይሄ ሚዛን ይዋሻል» አሉ። ደግሜ መዘንኩ። «ድንቹም ያቆጠቆጠ ነው፤ አንቺም ፊትሽን አጨፍግገሻል» አሉ። አፌ ሊመልስላቸው ሲል እጄ ቀደመው። ካንቺ ጎን ገበያ ያደገ እጅ አይደል? አጠገቤ ካለው ቅርጫት ሁለት ድንች አንስቼ ከተመዘነው ላይ ጣል አደረግኩና «ይቺ ምርቃት ናት፣ ደንበኛዬ» አልኳቸው።

ሴኞር ዊልመር ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። «የሱቁን ዕቃ ማን አባሽ ነው ስጪ ያለሽ? ሽርጡን አውልቂ!» ብሎ ጮኸ። እንባዬ ግጥም አለ። በዚያ ላይ ሴኞራ «መዝገቡን አምጡልኝ!» አሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው፤ በልቤ የታርማን አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

መነጽራቸውን ሰክተው ገጹን ሞሉት። ከዚያ ለሰልፈኛው ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት፤ «እዚህ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ስገዛ ደንበኛዬ ብሎ የመረቀኝ የለም። ቅሬታዬ በሌሎቹ ገንዘብ ተቀባዮችና በዚህ በሚጮኸው ሰውዬ ላይ ነው። ልጅቷ ከተባረረች ሰኞ ደግሜ እጽፋለሁ።» ሰልፉ አጨበጨበ! አንዱማ «መዝገቡን ለእኔም አቀብሉኝ!» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ገጹን አንብባ እስክታነባ ሳቀችና «ለዚህ ሌላ መልስ የለኝም» ብላ ውሉን ፊቴ ዘረጋችው። ፈረምኩ፣ እማዬ! ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ! የሁለቱን ድንች ዋጋ አስከፍለውኛል፤ ይሁን። አሁን ድንች ለሚገዛ ሁሉ ሁለት እንድንመርቅ ተፈቅዷል፤ ሴኞር ዊልመር ራሱ ቅርጫቱን ይሞላል።

ሰኞ ሴኞራ ሲመጡ ዘልዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። ምርቃት ያስተማረችኝ እናቴ እንደሆነች ነገርኳቸውና ሁለት ድንች ጨመርኩላቸው። ድንቹን አገላብጠው አዩት። «እናትሽ እንዲህ ትንንሹን ነው የምትመርቀው?» አሉኝ።

ስምሽን እንዳላሰድብ ትልልቁን መርጬ ሰጠኋቸው።

አባዬን እቅፍ አድርጊልኝ። አያቴ ሳቱርኒናን ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። ኤፍራይንን፣ ትምህርትህን እንዳትተው እህትህ አደራ ብላሃለች በይልኝ።

ልጅሽ ኔሊዳ
ሊማ፣ ረቡዕ ኦገስት 14 ቀን 2013