ያላልከውን ብሏል አልኳት

ልጄ በረከት፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ አራት ወር ከሦስት ቀን ሆነ። ቀኑን የምቆጥረው ሰው ሲጠይቀኝ ልመልስ ብዬ አይደለም፤ ሳልቆጥር መዋል ስላቃተኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ብዕር ይዤ እንደማላውቅ ታውቃለህ። መናኸሪያው አጠገብ አቮካዶዬንና ሙዜን ሸጬ ስመለስ፣ ገና ብርሃን ሳለ ጥቂት መስመር እጽፍና እተወዋለሁ። አጠገቤ ብትሆን እንደ ልማድህ አንገትህን አስግገህ፣ እማ ይሄ ፊደል ነው ወይስ የተሰበረ ወንበር ትለኝ ነበር።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ሞተርህን አጎትህ ጋሽ ታምሩ ወደ ኢዲዶ መንደር ወስዶ ሸራ አልብሶ አስቀምጦታል፤ አይሸጠውም፣ አይነዳውም። ደጃፋችን ያለው አቮካዶ ዘንድሮ ከልኩ በላይ አፍርቶ አንዱ ቅርንጫፍ ተገንጥሏል። አንተ ብትኖር ምሰሶ ታቆምለት ነበር፤ እኔ ሳስብ ሳስብ ዘገየሁ። አልጋህ ላይ እህትህ ትተኛለች። ተኚበት ያላት የለም፤ ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ብርድ ልብሷን ይዛ ሄደች። ሰው ሁሉ ምሕረት ይላታል። ሚጡ የምትላት አንተ ብቻ ነበርክ፤ ካንተ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት የለም።

የምጽፍልህ ግን ይህን ለመንገር አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ለእህትህ ዋሽቻለሁ፤ የዋሸሁትም በአንተ ስም ነው።

ለምን እንደዋሸሁ እንዲገባህ ከፈተናው ልጀምር። አንተ ራስህ አስራ ሁለተኛን የተፈተንክ ጊዜ ነጥብህ አልሞላም። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችሁ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አንተ ግን የሌሎቹን መውደቅ እንደ ማጽናኛ አልወሰድከውም። ሁለት ሳምንት ከሰው ፊት ጠፋህ። ከዚያ ወጥተህ ሞተር መንዳት ጀመርክ፤ ከይርጋጨፌ ኢዲዶ፣ ከኢዲዶ ይርጋጨፌ፣ ቡና ለቃሚውንም ነጋዴውንም ስታመላልስ ዋልክ። እሁድ እሁድ ዲላ ስትመጣ ግን ጭቃህን ሳትታጠብ ሚጡን አስቀምጠህ ጥያቄ ታሠራት ነበር። ስልክህ ላይ ሰዓት ትሞላና፣ አንዱን ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየችበት ትጮህባታለህ። ፊዚክስ ከብዷት ያለቀሰች ቀን ያልካትን አልረሳውም። ፊዚክስ እንደ ኢዲዶ ዳገት ነው፤ ማርሽ ቀንሰሽ ነው የምትወጪው፣ በሦስተኛ ማርሽ ከመጣሽ ሞተሩ ይጠፋብሻል አልካት። እያለቀሰች ሳቀች። እኔም ማርሽ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ።

ወደ ፈተናው የገባችበትን እሁድ ታስታውሳለህ። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እያደሩ እንደሚፈተኑ፣ ስልክም እንደማይገባ ተነግሮን ነበር። ከይርጋጨፌም ከፍስሐ ገነትም የመጡት በአውቶቡስ ሲወርዱ፣ አንተ እህትህን በሞተር ወሰድካት። እሷ ፍራሹን በሁለት እጇ አቅፋ ከኋላህ ተቀምጣ፣ ከፍራሹ ጫፍ ዓይኗ ብቻ ይታይ ነበር። ጎረቤት ሁሉ፣ ሙሽራ ትመስላለች አለ። በሩ ላይ ስትለያት ምን እንዳልካት አላውቅም፤ አልነገረችኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ኢዲዶ መንገድ ላይ ሞተሩ በጭቃው አንሸራቶህ ወደቅህ። ጋሽ ታምሩ ዲላ ሆስፒታል ሲያደርስህ እኔም ደረስኩ። እግርህ በእንጨት ታስሮ ነበር፤ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ ይደማል ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ልቤ ግን እግሩ ነው፣ እግር ይጠገናል እያለኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሐዋሳ እንወስደዋለን አሉን። ያኔ ነው ያልከውን ያልከው። እኔና አጎትህ ብቻ ነበርን የሰማነው።

«ሚጡ ትምጣ። ሳላያት ሐዋሳ አልሄድም።»

ከሆስፒታሉ እስከ ግቢው በባጃጅ ቅርብ ነው። ጋሽ ታምሩ ወዲያው ተነሣ፤ ለዘበኞቹ እነግራለሁ፣ የሰው ልጆች ናቸው፣ ያወጧታል አለ። ክንዱን ይዤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። በዚያች ሰዓት ልጅቷ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራለች። ከወጣች አንዱ ፈተና ያመልጣታል፤ አንዱ ካመለጣት የአስራ ሁለት ዓመት ልፋቷ፣ የአንተም እሁዶች ሁሉ ባዶ ይቀራሉ ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ሐዋሳ ታክመህ ትመለሳለህ፣ አርብ ስትጨርስ ይዣት እመጣለሁ ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ጠራሃት። በሦስተኛው፣ መጥታለች፣ በሩ ላይ ናት አልኩህ። ወደ በሩ ዞርክ። እዚያ ማንም አልነበረም። ልጄ፣ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት አንተን ነው።

አምቡላንሱ መንገድ ላይ ጩኮ ከተማን ሳያልፍ አረፍክ።

ሐሙስ ኢዲዶ ላይ በአባትህ አጠገብ ቀበርንህ። ከዚያ በኋላ ያለውን አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው ነው ያደረግነው። መርዶ ለተፈታኝ አይነገርም፣ ለመንገደኛም አይነገርም፤ ይህ ከእናቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ሽማግሌዎቹም እህቱ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ከዚያ በወጉ ትረዳ አሉ። አርብ ከሰዓት ጋሽ ታምሩ ከግቢው በር ተቀበላት። ለምን አንተ እንዳልመጣህ ስትጠይቀው፣ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ነው አላት። ድንኳኑን እንዳታይ እሱ ዘንድ አደረች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ አረዷት።

አልጮኸችም። ሁሉም ጩኸቷን ሲጠብቅ እሷ ቀን ትቆጥር ነበር። መቼ አረፈ አለች። ረቡዕ አሉ። መቼ ተቀበረ አለች። ሐሙስ ጠዋት አሉ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ሐሙስ ጠዋት ፊዚክስ ላይ ነበርን። እናንተ አፈር ስታለብሱት እኔ የመልስ ወረቀት ላይ ክብ አጠቁር ነበር። ማነው ያልጠራኝ?»

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ፣ እሱ ራሱ ነው አልኩ። አትጥሯት፣ ፈተናዋን ትጨርስ ብሎ አደራ ያለን እሱ ነው አልኩ። ጋሽ ታምሩ ቀና ብሎ አየኝና እንደገና አቀረቀረ። እህትህ ራሷን ነቀነቀች። እሱ ካለ እሺ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንባዋን ዓይኔ አላየውም። ሥራ ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አንተ ጨርሺ ብለሃል ስላልኳት ማልቀስም የተከለከለች ይመስላት ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቤታችን ድረስ መጣ። ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታለች። ጎረቤቱ እልል ልበል አልበል እያለ ግራ ገባው፤ እኔ ጥቁር ለብሻለሁ። በፊዚክስ ያገኘችውን ነጥብ ብትሰማ አንተ በሞተር ይዘሃት ዲላን ትዞር ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አዲስ አበባ ስላለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነገራት። ለጥቂት ተማሪዎች ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ ምግቡም መኝታውም በእነሱ ነው። ዕድሉን የፈለገ ማመልከቻ ሞልቶ፣ ስለ ሕይወቱም አንድ ጽሑፍ ጽፎ ይልካል። ከዚያ የተመረጡት እዚያው ሄደው የመግቢያ ፈተና ይፈተናሉ፣ ፊት ለፊትም ይጠየቃሉ። እህትህ ሦስት ቀን ጻፈች። በእንግሊዝኛ የጻፈችውን ቁጭ አድርጋኝ በአማርኛ አነበበችልኝ።

ስለ አንተ ነበር የጻፈችው። ስለ እሁዶችህ፣ ስለ ሰዓትህ፣ ስለ ማርሹ ጽፋለች። መጨረሻው ላይ ግን፣ ወንድሜ ሊሞት ሲል እንኳ ለራሱ አላሰበም፣ አትጥሯት ፈተናዋን ትጨርስ አለ፣ እኔም እስክጨርስ የምማረው በዚህ ቃሉ ነው ይላል። አንብባ ስትጨርስ፣ ጥሩ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው አልኳት።

በጽሑፉ ተመረጠች። የደወለችላት ሴትዮ ወረቀቱን አንብባ እንዳለቀሰች ነገረቻት። እኔ እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ሄደ። ብነግራት አልሄድም ትላለች፤ ዕድሉ ያመልጣታል፤ አንተን ያስከፈለኝ ነገር ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ባልነግራት ሰው ፊት ቀርባ እኔ የፈጠርኩትን ቃል ያንተ ነው ብላ ትመሰክራለች። ዕድሜዋን ሙሉም ያልጠራሃት ወንድሟ ሆነህ ትቀራለህ። ጋሽ ታምሩን አማከርኩት። እሱ ነገር አያበዛም። ያንቺን ሸክም ለሟች አሸከምሽው፣ ሟች ደግሞ ማውረድ አይችልም አለኝ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ልብሷን ስታጣጥፍ ነገርኳት። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። ያልከውን እንዳልከው ነገርኳት፤ በሩ ላይ ናት ያልኩህንም አልደበቅኋት። እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ስንት ጊዜ ጠራኝ አለች። ሦስት ጊዜ አልኩ። ምን ብሎ ነው የጠራኝ አለች። ሚጡ ብሎ አልኳት።

ያኔ ጮኸች። በሐምሌ ያልጮኸችውን ያን ዕለት ጮኸችው። ወገቧን ይዛ፣ ስምህን እየጠራች፣ ቤቱ እስኪሰነጠቅ አለቀሰች። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ተሯሩጦ ገባ። ማን ሞተ፣ ማነው የሞተው እያሉ ሲጠይቁኝ በረከት ነው አልኳቸው። መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ ግን ማንም አልሳቀ፣ ማንም ይኼማ አራት ወሩ አይደል ወይ አላለም። ከበው ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። እስኪመሽ ድረስ አልሄዱም።

በማግስቱ አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስነሣ ቦርሳዋ የለም። መናኸሪያ ሮጥኩ፤ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ወጥቷል። ሄዳ ይሁን፣ ኢዲዶ መቃብርህ ላይ ወጥታ ይሁን አላወቅሁም። ቀኑን ሙሉ አቮካዶ እየመዘንኩ ዋልኩ።

ትናንት ደወለች። ፈተናው መልካም ነበር አለችኝ፤ ድምጿ ደርቋል። ከዚያ ሦስት ሆነው ፊት ለፊት አስቀምጠው እንደጠየቋት ነገረችኝ። ወንድምሽ በመጨረሻ ስለተናገረው ቃል ንገሪን አሏት።

«አልተናገረውም አልኳቸው። እኔ ስጽፈው እውነት መስሎኝ ነው፤ ወንድሜ ያለው ትምጣ ነው አልኳቸው።»

አንደኛው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ ምን እንደሆነ አላየችም። ከዚያ ታዲያ እንዴት ትማሪያለሽ ብለው ጠየቋት። አላውቅም፣ ግን እማራለሁ ብላ ወጣች። መልሱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እናሳውቃለን ብለዋታል። ይስጧት አይስጧት አላውቅም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝም አላውቅም፤ በስልክ እማ አላለችኝም። ስትዘጋው ግን፣ ስመጣ ኢዲዶ አብረን እንሄዳለን፣ እዚያው መቃብሩ አጠገብ ሆነሽ ትነግሪኛለሽ አለች። ምን እንደምነግራት አልጠየቅኋትም። አውቀዋለሁ።

ልጄ፣ እናት ለልጇ የምትገባውን ቃል ልገባልህ አልችልም፤ ላሳድግህ፣ ልዳርህ አልልህም። አንድ ነገር ግን ከእንግዲህ እችላለሁ። እህትህ ስትጠይቀኝ፣ የእህትህም ልጆች ሲጠይቁኝ፣ እንደነበርክ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። የማትፈራና ቻይ አድርጌ አልሠራህም። ፈርተህ ነበር፣ አሞህ ነበር፣ እህትህን ፈልገህ ነበር። ከተናገርከው አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንዲት ቃልም አልቀንስም።

እናትህ