የጋሽ ሁሴን የጎን አጥንት

ሰኞ
ጋሽ ሁሴንን አላዳንኳቸውም። ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። ከጤና ጣቢያው ተጠርቼ ስደርስ ሰዉ ከቧቸው ቆሟል፤ የሚነካቸው ግን የለም። የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት እየጫሩ አፍንጫቸው ሥር ያጨሳሉ። የልብ ትርታ የለም። ሰዉን ገፍቼ ተንበረከክሁና ደረታቸውን ተጫንኩ። አፌን ከአፋቸው ገጥሜ ስተነፍስላቸው ከኋላዬ «አስተግፊሩላህ» ሲባል ሰማሁ። እንደገና ስጫን ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። የጎን አጥንት ነው። የነርስ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን «ሊሰበር ይችላል፤ ብቻ እንዳታቆሙ» ይለን ነበር። አላቆምኩም። እሳቸውም አልተመለሱም።

ክንዴ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

ማክሰኞ
ዛሬ ተቀበሩ። ሬሳውን ሲያጥቡ ሼህ ይማም ስብራቱን በእጃቸው አገኙት። ወሬው ጎረቤት ከተማ ዋጃ ድረስ ሄዷል አሉ፦ ሲስተሯ ጎኑን ሰብራ ገደለችው። እኔ ስደርስ ልባቸው ቆሞ ነበር እኮ። ለማን ላስረዳ? ትናንት ክብሪት ሲጭሩ የነበሩት ናቸው ዛሬ ምስክሮቹ። ተናድጃለሁ። ከንዴቴ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል።

ረቡዕ
ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ከሟች ጋር ቂም ነበረሽ ወይ አለኝ። ሰው በጥርጣሬ ብቻ በሚታሰርበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጨዋታ አይጠየቅም። ልብ ሲቆም ደሙን የሚገፋው የእኛ እጅ ነው፤ ጠንክረን ካልተጫንን አይሄድም ብዬ አስረዳሁ። የሟች ወንድም አቀርቅሮ ሰማኝ። እስኪጣራ ከከተማ እንዳልወጣ ታዘዝኩ። እሑድ ወደ ጎብዬ፣ እናቴ ጋ ልሄድ ነበር፤ ቀረ።

ዓርብ
አቶ ካሳ የሚባሉ ገበሬ ከሮቢት በቃሬዛ መጡ። ደረቴን ይላሉ፣ ላብ አጥምቋቸዋል። የእጃቸውን ትርታ ይዤ ሳለ ከጣቶቼ ሥር ጠፋ። ሁለቱ ልጆቻቸው አጠገቤ ቆመዋል።

እጄን ደረታቸው ላይ አደረግሁ። ክንዴን ግን አላቀናሁም። ቀስ በዪ ያለኝ ሰው የለም፤ እኔው ነኝ። ሊጥ የምነካ ያህል ነበር። ምንም ቀጭ አላለም። ሞቱ። በሙሉ ጉልበቴ ብጫንም ላይመለሱ ይችሉ ነበር። አሁን ማን ያውቃል?

ቅዳሜ
ከቀብር በኋላ ትልቁ ልጃቸው መጣ። ሊጣላኝ መስሎኝ ወደ በሩ ሸሸሁ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር። አባታችንን ሳታንገላቺ ሸኘሽልን» አለኝ። የገነዙትም ሰውነታቸው ደህና ነው ብለዋል አለ። አሜን አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ቀበሌም ይህን ሰምቶ ነገሬን ተወው። ጎብዬ መሄድ ትችያለሽ ተባልኩ።

አልሄድኩም። የጤና ጣቢያው መጋዘን ገብቼ አንድ ከረጢት የእርዳታ ስንዴ ወለሉ ላይ አጋደምኩና ክንዴን አቅንቼ፣ እንደ ሰኞው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተጫንኩ። ከረጢት አይመሰክርብኝም። ሰው ሲሆን እጄ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም።