ሪዷ ኪሴ ውስጥ ነበረች

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ከሰዓት 9፡00

ዛሬም ተለማመድን። አለመጫወትን። አራተኛ ቀናችን ነው፤ ገና አልተካንንበትም።

ደብተሬ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮከባችን ጋር አገር አዳርሰን ተመልሰናል፤ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ። በየመድረኩ ላቤ ጫማዬ ውስጥ እስኪጠራቀም ሳክስፎን ነፋሁ። አሁን ደግሞ እሁድ ቦሌ የሙዚቃ ሽልማት አለ። ኮከባችን ለዓመቱ ምርጥ ዘፋኝ ታጭቷል። ባንዱ ከኋላው ይቆማል። ሙዚቃው ግን ከላፕቶፕ ነው የሚለቀቀው፤ ፕሌይባክ። እሱ በላዩ ላይ ይዘፍናል፤ እኛ በላዩ ላይ እንወዛወዛለን።

የመድረክ አስተናባሪዋ ጆሮዋ ላይ ሄድፎን፣ እጇ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አላት። «ጄኔራሏ» ብያታለሁ። ዛሬ የሳሚን ድራም በፎጣ አስገነዘችው። ሳሚ እየመታ ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል። ለእኔ የተሰጠኝ መመሪያ፦ ስሜት ጨምር፣ ድምፅ ቀንስ። ዓይንህን ጨፍን፣ ወደ ኋላ ተለጠጥ። ካሜራ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ይወዳል አለች። ጨፈንኩ። ተለጠጥኩ። ወገቤን አመመኝ።

ዘፈኑ መሃል ያለችው የብቻ ጨዋታ፣ ሶሎዋ፣ ደግሞ የሳክስፎን እንኳ አይደለችም። አቀናባሪው በኪቦርድ የሠራት ናት። ሳክስፎን የሚያስመስል ኪቦርድን በሳክስፎን አስመስላለሁ። ሥልጣኔ ይሉሃል ይሄ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5። ጠዋት 4፡30

ጋሽ አበራ ደወሉ። አልተቀመጥኩም እስካሁን፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት።

ጋሽ አበራ ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ጉርድ ሾላ ግቢያቸው ውስጥ ኖታ ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። የምነፋው ሳክስፎንም የሳቸው ነበር። የፊት ጥርሳቸው ወልቆ መንፋት ሲያቅታቸው ከነሳጥኑ ሰጡኝ። እሁድ በቴሌቪዥን እንደምቀርብ ሰምተዋል። የድሮ ባልደረቦቻቸውን ጠርተዋል፤ ሱፋቸውን ላውንደሪ አስገብተዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«በአፍህ ነው በካሴት?»

«በአፌ ነው ጋሽዬ።»

እንዲህ አልኩ። ሳላስብ። ምላሴ ያለ ፕሌይባክ የሠራችው የሳምንቱ ብቸኛ ሥራ።

በሳቸው ባንድ ሕግ ነበር። በሰልፍ መሃል ጉንጩን ወጥሮ ሳይነፋ የሚያስመስል ሰው ከተያዘ አይታሰርም፣ አይሰደብም። መሣሪያውን ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፍና አንድ ሳምንት የተዘጋ ሳጥን ተሸክሞ በሰልፉ ጭራ ይሄዳል። ከተማው እያየው። ሳጥን የተሸከመ ሰው ሁለተኛ አላስመሰለም ይላሉ። ይህን ሲያወሩኝ ስንቴ በሳቅ እንደወደቅኩ።

ዓርብ፣ ግንቦት 7። ከሰዓት 10፡15

በመድረክ ልብስ የመጨረሻው ልምምድ፣ አዳራሹ ውስጥ። ነጭ ሱፍ አለበሱን። ሳሚ የጥርስ ሐኪሞች ጉባኤ መሰልን አለ።

ሶሎው ጋ ስንደርስ ረሳሁና ነፋሁ። ትንሽ። የኮከባችን ማይክ ያዛት። ጄኔራሏ ፊቴ መጥታ ቆመች፤ ሪዷን አውጣ አለች። ሪድ፣ ደብተሬ፣ አፍ መያዣው ላይ የምትታሰር ቀጭን ሸምበቆ ናት። ያለሷ ሳክስፎን የቧንቧ ዘመድ ነው። ትጥቅ እንደሚፈታ ሽፍታ አስረከብኩ። ፖስታ ውስጥ ከታ ስሜን ጻፈችበት። ስሜን በስህተት ጻፈችው፤ አላረምኳትም።

ያላወቀችው ነገር አለ። መለዋወጫ ሪድ የሌለው ሳክስፎኒስት የለም። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ሌላ አለች።

ባስገባትና ቀስ ብዬ ብነፋስ? ለጋሽ አበራ የነገርኩት ውሸት አይሆንም። ጄኔራሏ ከሰማችኝ ግን ኮከባችን ይጥለኛል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ የሚጀመረው ሁለተኛው ዙር ጉዞ አበቃልኝ። አዳማ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ የዓመቱ እንጀራዬ። በምራቅ አርሶ ሁለቱን ብሎን ማጥበቅ ግማሽ ደቂቃ ነው። ማሰብ ነው ረጅሙ።

እሁድ፣ ግንቦት 9። ከሰዓት 10፡40

ቦሌ። ከመድረክ ጀርባ። ቀይ ምንጣፉ የታጩት ነው። እኛ በወጥ ቤቱ በር ገባን፤ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር ተራ ጠብቀን ተፈተሽን። ሽንኩርቱ ቀደመን።

ኮከባችን ሽቶ ሲረጭ ሦስት ሰው አስነጠሰ። ማናጀሩ ስልክ ይዞ ሶኬት ፍለጋ ይሮጣል። ሽንት ቤት አራተኛዬ። ሪዷን አወጣሁ። አረስኳት። መለስኳት። አወጣሁ። ጋሽ አበራ አሁን ወንበር እየደረደሩ ይሆናል። ብሎኑን አላላሁ።

ጄኔራሏ መጣች። ኪስ ግቢ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10። ጠዋት 3፡00

ጻፍ። ጽፈህ ተገላገል።

የኮከባችን የምስጋና ንግግር የተጻፈው ስልኩ ላይ ነው። ስልኩ ቻርጅ ጨርሷል። ማናጀሩ ሶኬት ሲያጣ አንድ ገመድ ነቀለና የስልኩን ሰካ። የነቀለው የላፕቶፑን ነበር። ፕሌይባኩ ያለበትን።

ሶሎው ጋ ደረስን። ላፕቶፑ ሞተ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ሳሚ ዱላውን አየር ላይ ይዞ ቆመ። ጊታሮቹ እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ዓይኑን ገልጦ ነበርና አየ።

እኔ መመሪያ አክባሪ ነኝ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ወደ ኋላ ተለጥጫለሁ። በልቤ ዘፈኑ ቀጥሏል፤ ጣቶቼ ይሮጣሉ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥታ ውስጥ የሚሰማው የሳክስፎኔ ቁልፎች ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ ነበር። ካሜራው ተጠጋኝ። በእርግጥም ዓይኑን የጨፈነ ሰው ይወዳል።

ዓይኔን ስገልጥ አንድ ሰው አጨበጨበ። አንድ ብቻ። ሪዷ ደረቴ ላይ ነበረች፤ ግማሽ ደቂቃ ርቀት ላይ። ጸጥታው ከግማሽ ደቂቃ በላይ ቆየ። በኋላ ቪዲዮው ላይ ቆጠርኩት።

ኮከባችን ግን ኮከብ ነው። «ሙዚቀኞቼ ዝም ያሉት እናንተን ሊሰሙ ነው» ብሎ ማይኩን ወደ ሕዝቡ አዞረ። አዳራሹ ዘፈነለት። አሸነፈ። ፈጣሪን፣ እናቱን፣ ልብስ ሰፊውንና ፀጉር ቆራጩን አመሰገነ። ባንዱ ስልኩ ላይ ትንሽ ወረድ ብሎ ተጽፎ ነበር መሰለኝ፤ ጣቱ አልደረሰም።

ጋሽ አበራ አልደወሉም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11። ከሰዓት 8፡20

ታዋቂ ሆኛለሁ። ቲክቶክ ላይ በበግ ድምፅ እነፋለሁ። በአምቡላንስም። አንዱ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን አድርጎኛል፤ እሱስ ጥሩ ሠርቶታል።

ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ስልኳን አቀበለችኝ። ወንድሜ ይቺን እይልኝ፣ ከትናንት ጀምሮ እየሳቅሁ ነው አለች። አየሁላት። ሳቅሁላት። ሁለተኛ ከፈተችልኝ፤ አሁንም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን አየች። ጭኔ ላይ ያለውን ሳጥን አየች። ስልኩን ቀስ ብላ ቦርሳዋ ከተተች። ሁለታችንም መስኮት መስኮቱን እያየን ሄድን። ስትወርድ ብቻ ትከሻዬን መታ አድርጋ አይዞህ አለችኝ።

ቤት ስገባ ኮከባችን ደወለ። ሊያባርረኝ ነው ብዬ ቆሜ አነሣሁት። ተደስቷል። ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ከቦሌ እንነሣለን፤ በየከተማው ሶሎው ጋ ሙዚቃው ይቁም፣ አንተ ያንኑ ድገመው፣ ጠቅ ጠቁን ሳይቀር አለኝ።

«ሕዝቡ አሁን የሚፈልገው እሱን ነው ወንድሜ።»

እሺ አልኩት። ለሁሉም ሰው እሺ እላለሁ። ጋሽ አበራ አሁንም አልደወሉም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። ከሰዓት 11፡00

ጉርድ ሾላ ሄድኩ። በሩን ሦስት ጊዜ አለፍኩት። በአራተኛው ውሻቸው አሳወቀብኝ።

አምስት ወንበር እንደተደረደረ ነው፤ ፊታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ። አልተነሡም ከእሁድ ጀምሮ። ጋሽ አበራ አንዱን አመለከቱኝ፤ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ በአፌ ነው ያልኩትን፣ ኪሴ ውስጥ የነበረችውን፣ ነገ የምሄድበትን።

«ከመቆሙ በፊት ነው ያወቅኩት» አሉ። «አንተ ከረጅሙ ድምፅ በፊት ትተነፍሳለህ። ያኛው አይተነፍስም።»



ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። ሙዚቃው ከመጥፋቱ በፊት ጓደኞቻቸው ሶሎዋን ሰምተው አበራ፣ ልጅህ አስመሰከረ ብለው እጃቸውን ጨብጠዋል። እሳቸው የእኔ ድምፅ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። ግን ዝም ብለው ተጨበጡ። ይህን ሲሉ እኔን ሳይሆን ወንበሮቹን ነበር የሚያዩት።

ስነሣ ሳጥኔን ጠቆሙ። ተቆልፏል ወይ አሉ። ተቆልፏል አልኩ። እንግዲያው በባንዱ ሕግ አንድ ሳምንት አሉ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት እስከ ሲኤምሲ በእግር ይሄዳሉ፤ እርምጃቸው አሁንም የሰልፍ ነው። ሰዓቱን ጠየቅሁ።

«12 ሰዓት። እዚሁ በር ላይ።»

አውቶቡሱም 12 ሰዓት ነው። እነሆ ደብተሬ፣ ሁለት ሰዎች ዝም በል ብለውኛል። አንዱ ያጨበጭብልኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13። ንጋት 11፡50

አልተኛሁም። ከአያት የመጀመሪያውን ታክሲ ያዝኩ። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ወራጅ አልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ ሹፌሩ ዞሮ አየኝ።

ሳጥኑ እግሬ ሥር ነው። ቁልፉን ኪሴ ከትቻለሁ፣ ከሪዷ ጋር። ስልኬ ያቃጭላል፤ ማናጀሩ ነው። ሳሚ ደግሞ «የአውቶቡሱ ሞተር ተነሥቷል፣ የት ነህ?» ብሎ ጽፏል። እንደማልመጣ ጻፍኩለት። ላክሁት። እግሬ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ቆሟል።

በሩ ተከፈተ። ላውንደሪ የገባውን ሱፍ ለብሰዋል። እጃቸው ላይ ሳጥን አለ፤ አሮጌ፣ ከባንዱ ዘመን የቀረ የመለከት ሳጥን። ሲራመዱ ቀልሎ ይወዛወዛል፤ ባዶ ነው። ደነገጥኩና ልቀበልዎ አልኩ። እጄን መለሱት፤ ከኋላዬ ሄደው ቆሙ።

«ጭራው የኔ ነው፤ እኔም እጅ ተጨብጫለሁ» አሉ። «ግራ እግር ይቀድማል።»

ደብተሬ፣ መጻፍ አልችልም፣ እጄ ሳጥኑን ሊይ…