የካሜራህ ሳጥን ቁልፍ

ለውድ ወንድሜ ቶሌራ፣

አካም ጅርታ? ጤናህ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ያቃስትሃል? እኛ ክብሩ ለጌታ ይሁንና ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬን ግን ክረምቱ ጉልበቷን እንደ ልማዱ ይዟታል።

ስትደውል ከእሷ ጉልበት አስቀድመህ «ሳጥኑ ደህና ነው?» ትላለህ። እማዬ አጠገቤ ስለምትሆን «ደህና ነው» እልሃለሁ። ዋሽቼሃለሁ። ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ካሜራህንና ሦስቱን ሌንሶች እማዬ በነጠላዋ ጠቀለለች፤ አንተ የብረት ሳጥኑን ቆለፍክና «ማንም እንዳይከፍተው፣ ቤቱም ባዶ እንዳይውል» ብለህ ቁልፉን ሰጠኸኝ። እኛም ቃልህን እንደ ወንጌል ጠበቅን። እሁድ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ እቀራለሁ፣ በሚቀጥለው እኔ ስሄድ እሷ ትቀራለች። ኡርጌን ታውቃታለህ፣ አብሮ አደጌን፤ የሰርጓን መዝሙር በመስኮት ሰማሁት። አምቦ ኮሌጅ ስሜ ሲወጣም «ሳጥኑን ለማን ጥለሽ?» ያልከኝ አንተው ነህ። ቀረሁ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ግድግዳው ሲወረዛ፣ ሳጥኑ ካለበት ከአልጋዬ ሥር ውሃ ገብቶ አየሁና ደንግጬ ከፈትኩት። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ትልቁን ሌንስ ወደ ብርሃን ባዞረው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አብቅሏል። በቀሚሴ ጫፍ ብጠርገው፣ ብጠርገው አልለቅ አለ፤ ለካ ከመስተዋቱ ወዲያ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሌንሱ ብቻ እንዳይመስልህ። ያንተን ዕቃ ስጠብቅ ሃያ አራት ዓመት ሞላኝ።

ለእማዬ ጥርሴን አመመኝ ብዬ ከነካሜራውና ከነሌሎቹ ሌንሶች አምቦ ወሰድኩት። አብሮህ ሰርግ ያነሳ የነበረው ነጋሳ በባትሪ አየውና መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። ሌንስ ጨለማና እርጥበት ውስጥ ሲዘጋበት እንደሚሻግት፣ ይሄኛው ቢጸዳም ጠባሳው እንደማይለቅ ነገረኝ። ካሜራውና ሁለቱ ትንንሾች ሌንሶች ተርፈዋል። ክዳኑ ግጥም በሚል ባልዲ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጬ፣ በየሳምንቱ እያወጣሁ እንድሠራባቸው አዘዘኝ። እንድሠራባቸው! እዚያው ደጃፉ ላይ አንዲት እናት ከነልጇ አነሳሁ። ፎቶው ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ አግዢኝ ብሎኛል።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቃል?» አለችኝ። ምን የሚሰረቅ አለ ብላትም ዛሬም ከበሩ ንቅንቅ አትልም። በእሷ አልስቅም። እኔም ገበያ መሐል ቆሜ ሳላውቀው ቁልፉን ኪሴ ውስጥ እዳብሳለሁ። የፊታችን ቅዳሜ አምቦ እሄዳለሁ ብያለሁ፤ እግሬ እሺ ይበለኝ አይበለኝ ግን ገና አላውቅም።

ብትቆጣ አልፈርድብህም። እያወጣሽ አናፍሺው አላልከኝም፣ እኔም አልጠየቅኩህም።

እማዬ እያገላበጠች ትስምሃለች። ጎረቤታችን ኦቦ ባይሳም ሰላም ብለውሃል። አብረውህ ላሉት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ይህን የሚያደርስልህ በድሉ ቁልፉንም ይሰጥሃል። አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሳጥኑ ባዶውን ደጅ ፀሐይ ላይ ነው። ከእንግዲህ ስትደውል መጀመሪያ የእማዬን ጉልበት ጠይቅ።

እህትህ መቲ

ሸነን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2014 ዓ.ም.