ክዳኑ ተዘግቶ ነበር?

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እግርህስ የሞንታናን ብርድ እንዴት ቻለው? እኛ እዚህ አዮዋ ደህና ነን። ኮሪንም ደህና ናት፣ በቆሎውም ጉልበት ደርሷል። ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ ስለ በቆሎ የሚጽፍ ወንድም ምን ዓይነት ነው እንዳትለኝ። ሌላው ነገር ከብዶኝ ነው፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

የላክሃት ካርድ ሐሙስ ደረሰችኝ። ሰላምታ የለ፣ ፊርማ የለ፤ «ቤንዚኑን ስትፈትሽ ክዳኑ ተዘግቶ ነበር?» ብቻ። እውነቱን ልንገርህና ደሜ ፈላ። ኮሪን፣ የገዛ ሚስቴ፣ ስለ አውሮፕላኔ እንደጻፈችልህ እንኳ አላውቅም ነበር። «ዘጠኝ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ዛሬ ደግሞ ሊፈትነኝ መጣ» አልኳት። እሷም «ሰውየው የጠየቀህ ጥያቄ ነው፤ መልስ ካለህ መልስለት» አለችኝ።

መልስማ ነበረኝ። የበረዶውን ወራት ሙሉ የደከምኩበት ሥራ ነው። መቀመጫው ፊት፣ ከጉልበቴ በላይ ተገጥሞ የነበረውን አሮጌ የነዳጅ ሳልባትዮ አውጥቼ፣ በሁለቱ ክንፎች ውስጥ አንዳንድ አዲስ አስገባሁ። ክብደቱን እንዲችሉም እያንዳንዱን ክንፍ በአንድ ክንድ አስረዘምኩት። ይህ ሁሉ ቤንዚን ለምንህ ነው ሲሉኝ «ሩቅ ለመሄድ» እላለሁ። ካንተ በቀር ሩቅ ያለ ዘመድ እንደሌለኝ ኤልደን ያውቃል፤ ግን አያነሳብኝም።

ኤልደን፣ ያ የሜዳችንን አውሮፕላን ሁሉ ከመነሳቱ በፊት የሚያገላብጠው ሽማግሌ፣ ሰማንያ አንድ ሞላው። አሁንም ቅዳሜ ጠዋት ፓንኬክ የሚጠብሰው እሱ ነው፣ አሁንም ያሳርረዋል። የፈተሽነውም ከእሱ ጋር ነው። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና አደረግን፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ፈትተን ቤንዚኑን ባልዲ ውስጥ ለቀቅነው። እሱ ሰዓት ያዘ። እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ክዳኑን ከፍቼ በአፉ በኩል ዘንግ እያስገባሁ ጥልቀቱን እለካ ነበር። ያለ እንከን ወረደ። «ይህን ሞተሩ ጠጥቶም አይጨርሰውም፤ ቅዳሜ ትበራለህ» አለኝ።

እንግዲህ ካርድህን ኪሴ ከትቼ አውሮፕላኑ ወደሚያድርበት ሃንጋር ሄድኩ። የሄድኩት ላሳፍርህ ነበር። የሁለቱንም ሳልባትዮ ክዳን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና ቤንዚኑን ለቀቅኩት። አራት ደቂቃ ደህና ወረደ። ከዚያ ቀጠነ፣ ክር አከለ፣ ከዚያም ይንጠባጠብ ጀመር። ሳልባትዮዎቹ ገና ግማሽ ናቸው። ወጥቼ አንዱን ክዳን ብከፍተው፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው አየር ሳበ። እዚያው መሰላሉ ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ በአራተኛው ደቂቃ ከየትኛው ዛፍ በላይ እንደምሆን አውቀዋለሁና።

ክንፉ ሥር ገብቼ፣ ክዳን ሲዘጋ ሁለቱም ሳልባትዮ የሚተነፍሱባትን ቀዳዳ ፈለግሁ። የለችም። ልስልስ ያለ ቢጫ ቀለም ብቻ። ቦታዋን ዳበስኩና በጥፍሬ ፋቅሁ፤ ከቀለሙ ሥር ፕላስተር ወጣ። የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ቀለም ስረጭ እንዳይደፍናት መተንፈሻዋን በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ሲደርቅ አነሳዋለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው። ታውቃለህ፤ ያንተንም አውሮፕላን የቀባሁት እኔ ነኝ።

ኮሪንን ይዘህ የተነሳህ ቀን ቀለሙ ከደረቀ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ በቆሎ ማሳ ውስጥ ስትወድቁ ሮጬ የደረስኩት እኔ ነኝ። እሷ የእጇን አንጓ ይዛ ታለቅሳለች። አንተ እግርህ ተሰብሮ ክንፉ ሥር ተቀምጠሃል። ሳልባትዮው ተቀዶ፣ የነበረውን ቤንዚን መሬት ጠጥቶታል። «ምን ሆነ?» ብዬ ስጮህብህ ቀና ብለህ አየኸኝ፤ ብዙ አየኸኝ። ከዚያ «ነዳጅ ሳልለካ ተነሳሁ» አልከኝ።

በዚያች ቃል ዘጠኝ ዓመት ፈረድኩብህ። ፓንኬክ በምንበላበት ገበታ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የሚስቴን እጅ ያጎደለ ሰው ከእኔ ጋር አይቀመጥም አልኩ። ሳህንህን አጥበህ ቦታው መልሰህ ወጣህ። በወሩ ቤትህን ሸጠህ ሄድክ።

ያን ቀን ማሳው ውስጥ የአውራ ጣትህ ጥፍር ሥር ቢጫ ቀለም ነበር። ከስብርባሪው ለመውጣት ሲታገል ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ይህን ስጽፍ የራሴን ጥፍር አያለሁ፤ ያው ቢጫ ነው።

ፕላስተሩን ለኮሪንም አሳየኋት። በዚያ በማይታጠፈው እጇ ራሴን ዳበሰችኝና «ጻፍለት» አለችኝ። ስለ ሕይወቴ አመሰግንሃለሁ። ስለ እሷም፣ ዘጠኝ ዓመት ስለተሸከምክልኝ ጥፋቴም አመሰግንሃለሁ። እንዴት እንደሚባል ግን አላውቅበትም።

የክንፍ አጥንት በጨርቅ ከመሸፈኑ በፊት የደከመበት ሁሉ ውስጡ ጎድኑ ላይ ስሙን ይጽፋል። መተንፈሻዋን ለመጥረግ ከክንፉ ሆድ ያለውን የመፈተሻ መስኮት ስከፍት አየሁት፤ ኤልደን አለ፣ ኮሪን አለች፣ እኔ ከታች አለሁ። ከእኔ በላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ስጽፍ አስቤበት ትቼው ይሁን ሳላስበው እንጃ። መስኮቱን አልዘጋሁትም፣ ቅዳሜም አልበርም። ና። አንድ ጊዜ እንደገና እንፈትሸዋለን፤ ክዳኑን አንተ ትዘጋለህ፣ ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።

እግርህን ብርድ አይንካው፤ እድሜህን ያርዝመው፤ መንገድህን ወደ ቤትህ ያቅናው።

በጥፍርህ ያወቅከው
ታናሽ ወንድምህ