ከጀርባዎ ስለሚታዩት ሁለት ብረቶች

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የፊዚዮቴራፒ ክፍል ኃላፊ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም የሙያችን የሐሳብ መሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለጤናዎ፣ ለድምፅዎና ለተከታዮችዎ ቁጥር መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ በሥርዎ ሆኜ፣ መራመድ ያቃተው ሰው እንደገና እንዲራመድ የማለማምድ ባለሙያ ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ደጋግሜ ብመጣም ሁልጊዜ የቪዲዮ ቀረጻ ላይ በመሆንዎ፣ ደግሞም ራስዎ በስብሰባ ላይ ሐሳብ ያለው ሰው አደባባይ ይውጣ ስላሉን ነው።

1ኛ. የመለማመጃ ክፍላችንን ስቱዲዮ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ታካሚዎች ግራና ቀኝ ይዘው የሚራመዱባቸው ሁለት ብረቶች ወለሉ ላይ የተተከሉ በመሆናቸው ሊነሱ አልቻሉም፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬም ከጀርባዎ ሲታዩ ያምራሉ ብሎ አስወልውሎ መብራት አበራባቸው። ስንለምን ኖረን ያልተቀየረልን አምፖልም በዚያው ተቀየረ። ታካሚዎቻችን አሁን የሚለማመዱት ኮሪደር ላይ ግድግዳ እየያዙ ሲሆን፣ የምግብ ጋሪ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያሳልፋሉ።

2ኛ. ታካሚን ስለ ማዳመጥ የሚያቀርቡት ተከታታይ ቪዲዮ በወጣ ቁጥር ሁላችንም ከሥሩ «ድንቅ ዕይታ» ብለን እንድንጽፍ በታዘዝነው መሠረት፣ እኔም ሳላጓድል፣ አንዳንዴም ቪዲዮውን ሳልከፍተው ጽፌያለሁ። በቀደም ዕለት የአንዷ ባልደረባችን እናት ማረፋቸው በተነገረበት ማስታወቂያ ሥርም «ድንቅ ዕይታ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ለምዶብኝ ነው። ላጠፋው ስመለስ ሌሎች ሁለት ባልደረቦቼ ከእኔ በላይ ያንኑ ጽፈው አገኘሁ። ባልደረባችንም ለሦስታችንም አመሰግናለሁ ብላ መልሳልናለች።

3ኛ. ይኼኛው ስለ ጋሼ ሾፌሩ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ፣ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አባት ናቸው። እንዲህ ያለ እግር ከተመለሰ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት መሆኑን ለእርስዎ ላስተምር አይዳዳኝም። ብረቶቹን ይዘው ጥሩ ጀምረው ነበር። ክፍሉ ሲወሰድብን ኮሪደር ላይ ወደቁ፤ አጥንታቸው ባይሰበርም ፍርሃት ገባባቸውና ይኸው ከአልጋቸው ጫፍ አይነሱም። ሴት ልጃቸው የምትለምነኝ ቤት ስትወስዳቸው ሽንት ቤት እንኳ በራሳቸው እንዲሄዱላት ብቻ ነው፤ ሥራዋን ትታ ስታነሳቸው ልትውል አትችልም። እነዚያ ወራት ደግሞ እያለቁባቸው ነው። ስለዚህ ክፍሉ ጠዋት ጠዋት ይከፈትልን፤ ከሰዓት በኋላ እንደልብዎ ይምሩን። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

እንደ ወጉ ቢሆን እዚህ ላይ መቆጣት ነበረብኝ። ሞክሬ ነበር፣ ቁጣው አልመጣ አለኝ እንጂ። ታካሚዎቼ የደነዘዘ እግራቸውን በመርፌ ጫፍ ስነካው፣ መነካቱን አያለሁ ግን አይሰማኝም ይሉኛል፤ እኔም ቪዲዮዎን ስመለከት እንደዚያው ነኝ። ይህን የምለው ለወቀሳ ሳይሆን ለሚቀጥለው ንግግርዎ ምሳሌ ካጠረዎት ብዬ ነው።

ከመድረክ ወደ መድረክ በሰላም ያሻግርዎ፣ ማይክሮፎንዎም አይጥፋብዎ እያልኩ፣ ለሰጡን አመራርና ላተረፉልን ኮሪደር ያለኝን የማይነጥፍ ምስጋና በድጋሚ አቀርባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ግድግዳው አጠገብ የሚያገኙኝ ባለሙያዎ

ማስታወሻ፦ ጋሼ ሾፌሩ ከቪዲዮዎችዎ አንዱም አያመልጣቸውም። ልጃቸው ስልኳን ትራስ ላይ አስደግፋ ትከፍትላቸዋለች፤ እሳቸው ድምፁን ያስጠፉና ከጀርባዎ ያሉትን ብረቶች ያያሉ። እግራቸውም ብርድ ልብሱ ሥር ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አደራ ብለው የላኩኝን መልእክት ላድርስ፦ በሚቀጥለው ቀረጻ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉላቸው፤ ተራምደው የሚደርሱበትን ጫፍ ከልለውባቸዋል።